ፎጣው ላይ የቀረው ቀይ

መርማሪውን የሰደበችው የውበት ሳሎኑ ባለቤት ናት። ጊዜው ባለፈው ዓመት፣ ልጁ በተመረቀችበት ሳምንት፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነበር። ቦታው እዚያው ሳሎኗ ውስጥ፣ ከትልቁ መስታወት ፊት ለፊት።

ሚስቱንና ልጁን ሊወስድ መጥቶ በሩ ላይ ቆሟል። ሴትዮዋ መጣችና አገጩን በሁለት ጣቷ ቀና አደረገችው፤ ገበያ ላይ ዕቃ እንደሚመረጥ። የብጉር ጠባሳ የቆፋፈረውን ጉንጩን ወደ ብርሃኑ አዙራ አየችው።

«ይሄስ ከእኔ አቅም በላይ ነው» አለች። «መንገድ ሥራዎችን ጥሩለት!»

ፀጉር ማድረቂያው ሥር የተደረደሩት ሴቶች በሳቅ ፈነዱ። ሚስቱ መሬት መሬት አየች። ልጁ ግን ሳቀች። አፏን በእጇ ሸፍና ነው የሳቀችው፤ ቢሆንም ሳቀች።

መልሱ የመጣለት ቤቱ ከገባ በኋላ ነው። ከዚያ ወዲህ በየቀኑ ሲያሻሽለው ከርሟል።

አሁን ያቺው ሴት ሳሎኗ ወለል ላይ እየጮኸች ተገኘች ተብሎ ሲደወል፣ ተረኛው እሱ ነበር።

ሲደርስ ወደ ሆስፒታል ወስደዋታል። የቀረው ወንበሩ ነው። ወደ ኋላ የተለጠጠ የደንበኛ ወንበር፣ መደገፊያው ላይ የጥፍር ጭረት። ወለሉ ላይ ጥጥ፣ የተሰበረ ብልቃጥ፣ አንድ እግር ጫማ። መስታወቱ ላይ የመዳፍ ምልክት አለ፤ ከላይ ጀምሮ እስከ ታች ተንሸራትቷል።

ክፍሉ ጽጌረዳ ጽጌረዳ ይሸታል። ደስ የሚል ሽታ ነው። የሚያስፈራውም እሱ ነበር።

«ፊቷን በምላጭ ነው የቆራረጧት ጌታዬ» አለ በሩን የሚጠብቀው ፖሊስ። «ደሙን ይዩት።»

ነጩ ፎጣ ወንበሩ ሥር ወድቋል። መሀሉ ቀልቷል። ደማቅ ነው፤ አሁን የፈሰሰ ይመስላል። መርማሪው ብዙ ደም አይቷል። ደም ሲቆይ ይጠቁራል፤ ይደርቃል። ይሄ አልጠቆረም።

ምን ማለት እንደሆነ አላወቀም። ጓንት አድርጎ ፎጣውን በላስቲክ ጠቀለለውና ያዘ።

ከሆስፒታሉ የቆዳ ሐኪሙ ደወለለት።

«የምን ደም?» አለ ሐኪሙ። «አንድም የተቆረጠ ቦታ የላትም። ተቃጥላለች እንጂ። ኃይለኛ ኬሚካል ነው። ግራ ዓይኗን አላውቅም፤ ቀኙ ይተርፍ ይሆናል።»

«የትኛው ኬሚካል?»

«እሱን ላቦራቶሪ ነው የሚነግርህ። ጊዜ ይወስዳል።»

መርማሪው ስልኩን ዘጋ። ደም ካልሆነ፣ ፎጣው ላይ ያለው ምንድን ነው?

ሴትዮዋን ሰፈሩ «እትዬ ጽጌረዳ» ይላታል። ስም ያወጣላት ሥራዋ ነው። ሳሎኑ በጀርባው በኩል አንድ ክፍል አለው፤ እዚያ ታናሽ እህቷ የጽጌረዳ አበባ እየዘፈዘፈች ጭማቂውን ታወጣለች። ጭማቂው ለፊት ቅባት ይሆናል፣ ለፊት መጥረጊያ ይሆናል። ታላቂቱ ደግሞ ጠዋት ጠዋት ሳሎኑ ሳይከፈት ወንበሩ ላይ ተጋድማ፣ ዓይኗን ጨፍና ትጠረጋለች። ማስታወቂያ ለጥፋ አታውቅም። ፊቷ ማስታወቂያዋ ነበር። ልጆች ያደረሰች ሴት ናት፤ ፊቷ ግን ያላገባች ልጃገረድ ይመስል ነበር።

ይመስል ነበር።

ከሰዓት በኋላ ፀጉር ሠሪዋ ተያዘች። ያን ጠዋት ፊቷን በጥጥ የጠረገችላት እሷ ናት። ቦርሳዋ ሲፈተሽ ፀጉር የሚያለሰልሱበት ሪላክሰር ወጣ። ሪላክሰር ቆዳ ላይ ከቆየ እንደሚያቃጥል ሳሎን የገባች ሴት ሁሉ ታውቃለች።

ጠረጴዛው ማዶ ተቀመጠች። ገና አራስነቷ ያለቀቃት ልጅ ናት። ሸሚዟ ደረቷ ላይ ረጥቧል፤ በክርኗ ልትሸፍነው ትታገላለች።

«ፊቷን ስትጠርጊ ጓንት ለምን አደረግሽ?»

«ቀለም እየበጠበጥኩ ነበራ ጌታዬ! የደንበኛ ፀጉር ቀለም። በጠቆረ እጅ ፊቷን ብነካት ትገድለኝ ነበር።»

«ሪላክሰሩስ? እግር አውጥቶ ቦርሳሽ ገባ?»

«እኔ አላስገባሁትም። ቦርሳዬ ከጓሮ ክፍሉ በር ጀርባ ነው የሚንጠለጠለው። ማንም ያልፋል።»

«ትናንት ምን ብላሽ ነበር?»

ክርኗን ይበልጥ ወደ ደረቷ አስጠጋች።

«ተናገሪ። ሌሎቹ ነግረውኛል።»

«ወተቴ ፈስሶ ልብሴን አርጥቦት ነበር። ደንበኞች ፊት ‹ሳሎን ነው የከፈትኩት ወይስ በረት?› አለችኝ።»

«ተናደድሽ።»

«እርስዎ ቢሆኑ አይናደዱም?»

መርማሪው ወረቀቱን አገላበጠ። የሚያነበው ነገር አልነበረበትም።

«ብልቃጡን ስትከፍቺ ምን አየሽ?»

«ደመቅ ብሎ ነበር። ‹እትዬ፣ የዛሬውስ ደምቋል› ብያታለሁ። ‹ታናሼ ጥሩ አበባ አግኝታ ነው፤ ነገር አታብዢ፣ ቀቢኝ› አለችኝ።» እንባዋ መጣ። «ጌታዬ፣ ልጄ ጎረቤት ጋ ናት። ጡጦ አትይዝም። ብትሰጣትም ትተፋዋለች። ዛሬ እንኳ ቤቴ ልደር።»

አልለቀቃትም። ሥልጣኑም አልነበረውም። ሥልጣኑ ያለው አለቃው ጋ ነው፤ አለቃው ደግሞ ዲግሪውን መስታወት ውስጥ አስገብቶ ከወንበሩ በላይ የሰቀለ ሰው ነው።

«ጓንቱ ተገኘ፣ ሪላክሰሩ ተገኘ፣ ጠቡ ተገኘ» አለ አለቃው። «ነገ ጠዋት ፍርድ ቤት ትቀርባለች፤ ከዚያ ማረሚያ ቤት። ሌላ ምን ትፈልጋለህ?»

«የላቦራቶሪው ውጤት አልመጣም።»

«ሲመጣ ይመጣል። ስምንተኛ ክፍል ላይ ያቆመ ሰው ነገር ሲያወሳስብብኝ አልወድም።» ከዚያ ፈገግ አለ። «ለነገሩ አንተ ለሴትዮዋ ምን አስጨነቀህ? መንገድ ሥራዎች!»

ነገሩ እዚህም ደርሷል። መርማሪው ሰላምታ ሰጥቶ ወጣ። ኮሪደሩ ላይ የሁለት ጸሐፊዎች ሳቅ ተከተለው። በእሱ ላይ ይሁን በሌላ አላጣራም። በእሱ ነው ብሎ ያዘው።

ልጅቷን ልቀቃት ልቀቃት የሚለው ነገር ውስጡ ነበር። ግን ሴትዮዋን የጠላ ሁሉ ይታሰር ከተባለ መጀመሪያ የሚታሰረው እሱ ራሱ ነው። ስለዚህ ልቡን አላመነውም። ማስረጃ ፈለገ።

ከአበባ ሻጩ ጀመረ። ለአበባ ማስቀመጫ የሚሸጠው ጽጌረዳ የተባይ መድኃኒት እንደሚረጭበት ሰምቷል። የተረጨ አበባ ተዘፍዝፎ ፊት ቢቀባ ምን ሊሆን ይችላል?

«እኔ?» አለ አበባ ሻጩ ቅርጫቱን አስቀምጦ። «የተረጨ አምጥቼ? ታናሿ ዓይኔን ታወጣዋለች እኮ! ቆንጆ ቆንጆውን ሳመጣላት ታባርረኛለች። ‹ትል ያልነካው አበባ አላምንም› ትላለች። ትል ስታገኝማ፣ እንግዳ የመጣላት ነው የምትመስለው። ዘመዷ ነው እንዴ?»

«የትናንቱስ?»

«ያው ከጓሮዬ ነው። ደግሞ ከአንድ ማሰሮ ለስንቱ ደንበኛ ነው የቀዳችው? አንዷም አልጮኸች።»

እውነቱን ነው። መርማሪው በየቤቱ ዞሮ ጠየቀ። ከዚያው ማሰሮ የተቀዳላቸው ሴቶች ፊታቸው ደህና ነው። አንደኛዋ እንዲያውም በር ላይ ቆማ ጉንጯን አስነካችው፤ ለስልሷል ወይ ብላ። ማሰሮው ንጹህ ነው። የተበላሸው አንድ ብልቃጥ ብቻ ነው፤ ያውም የእትዬ ጽጌረዳ።

ፎጣውንና ሪላክሰሩን ይዞ ወደ ጓሮ ክፍሉ ሄደ።

ክፍሉ ጠባብ ነው። ግድግዳውን ተጠግተው ማሰሮዎች፣ የጨርቅ ማጥለያዎች፣ ነጭ የሸክላ ሳህኖች ተደርድረዋል። መሬቱ ላይ የአበባ ቅጠል ተሰጥቷል። እሳቱ ላይ ማሰሮ ተጥዶ እንፋሎቱ ፊት ይመታል። ታናሿ ግን እስከ አንጓዋ የሚደርስ ሹራብ ለብሳለች። ከላይኛው ከንፈሯ በላይ ላቧ ቸፍ ብሏል።

ወላጆቻቸው ሲሞቱ ያሳደገቻት ታላቋ ናት። ታናሿ አላገባችም። ድምፅዋ ለስላሳ ነው።

«እህቴ እንዴት ሆነች?» አለች።

«አለች። ለመሆኑ ይሄ ነገር ምን ይጠቅማል?»

ታናሿ ቀና ብላ ፊቱን አየችው። ጠባሳውን በደንብ አየችው። አልሳቀችም። አዘንኩልህ የሚል ነገርም ፊቷ ላይ አላሳየችም።

«ለእርስዎ ጠባሳ አይሆንም» አለች። «ይጠፋል የሚልዎት ካለ ውሸታም ነው። የቀላ ቆዳን ያበርዳል፤ የደረቀን ያለሰልሳል፤ ምላጭ የነካውን ያስታግሳል። ያነጣል ይላሉ፤ አያነጣም። እህቴ ግን ያነጣል እያለች ነው የምትሸጠው።»

«ጉዳትስ የለውም?»

«የማይስማማው ሰው አለ። ያሳክከዋል፤ ሽፍ ይልበታል። ለዚህ ነው መጀመሪያ ክንድ ላይ፣ ከውስጥ በኩል፣ ትንሽ ጠብ አድርገው እስከ ማግስቱ የሚጠብቁት። ዓይን ውስጥ አይገባም። ከቆየ ይሻግታል። የተረጨ አበባ ጭራሽ አይነካም።» ቃላቱን አንድ በአንድ አስቀመጠቻቸው። «ጽጌረዳ ማንንም አያቃጥልም ጌታዬ። ሰው ካልጨመረበት።»

እንዲህ ያለ ሰው ወንጀለኛ እንዲሆን አልፈለገም። በዚያ ሳሎን ውስጥ በፊቱ ያላፈረበት ይህ የመጀመሪያው ቀን ነው።

«እስቲ ከዚያው ማሰሮ ቅጂልኝ።»

ነጭ ሳህን ላይ ቀዳችለት። ቀለሙ ፈዛዛ ነው፤ ብዙ ጊዜ የታጠበ ሮዝ ጨርቅ ይመስላል። መርማሪው ፎጣውን ከላስቲኩ ሳያወጣ አጠገቡ አስቀመጠው። ፎጣው ላይ ያለው እንደ እሳት ይነዳል፤ ሳህኑ ላይ ያለው ግን ደብዝዟል።

«አንድ ዓይነት ናቸው?»

«ትኩስ አበባ ሲሆን ይደምቃል» አለች። ፎጣውን አላየችውም።

መርማሪው የሪላክሰሩን ክዳን ከፈተ። በማንኪያ ጫፍ ጨልፎ ሳህኑ ውስጥ አማሰለው። ምን እንደሚሆን አያውቅም ነበር። ፖሊስ ጣቢያ ሆኖ ከሚጨቃጨቅ በዓይኔ ልየው ብሎ ነው።

ሮዙ ጠፋ። መጀመሪያ ግራጫ ሆነ። ከዚያ አረንጓዴ፤ ውሃ ተኝቶበት የሻገተ ኩሬ የሚመስል አረንጓዴ።

ሁለቱም ሳህኑን አዩ። ማሰሮው ይንተከተካል።

«ፀጉር ሠሪዋ ደመቀ ነው ያለችው» አለ መርማሪው ቀስ ብሎ። «አረንጓዴ ሆኖ ቢሆን ትጮህ ነበር። እህትሽም አትቀባውም ነበር። ታዲያ ብልቃጡ ውስጥ የገባው ሪላክሰር አይደለም ማለት ነው። ምን ሲገባበት ነው የሚደምቀው?»

ታናሿ ማሰሮውን አማሰለች።

መደርደሪያውን በዓይኑ ዳሰሰ። ግሊሰሪን። ማር። ከታች፣ ጥግ ላይ፣ ወፍራም ቡናማ ጠርሙስ።

«ያ ምንድን ነው?»

«ማሰሮ ማጠቢያ። ዝቃጩን የሚያስለቅቅ አሲድ ነው።»

«ማን ነው የሚነካው?»

«እኔ።»

«ሌላ ሰውስ?»

«ሌላ ሰው እዚህ አይሠራም።»

ሌላ ሳህን አስቀዳት። ጓንቱን አጠለቀና ከጠርሙሱ ጥቂት ጠብታ ጨመረበት። ፈዛዛው ሮዝ ነደደ። ሳህኑ ላይ ደም የፈሰሰ መሰለ። ከፎጣው አጠገብ አስጠጋው። አንድ ናቸው።

«ሪላክሰር ቀለሙን አረንጓዴ እንደሚያደርገው የሚያውቅ ሰው ነው ትቶት አሲድ ያነሳው» አለ። «ፀጉር ሠሪዋ ይሄን ከየት ታውቃለች? ከዚህ ቀለም ጋር የምትውይው አንቺ ነሽ።»

«አበባ ሻጩም ያውቃል» አለች። «እህቴም ታውቃለች። ስንቱን ያስራሉ?»

ድምፅዋ አልተንቀጠቀጠም። ግን ግራ እጇን ወደ ሆዷ ሰበሰበችው። መርማሪው ያን ጊዜ ሹራቡን ልብ አለ። በዚህ ሙቀት።

«እጅጌሽን ሰብስቢ።»

«ምን ይሆንልዎታል?»

«ሰብስቢ እህቴ።»

ሰበሰበችው።

የክንዷ ውስጠኛ ክፍል የሰው ቆዳ አይመስልም። ነጠብጣብ፣ የደበዘዘ ጥቁር ምልክት፣ ያበጠና የዳነ፣ ተፍቆ የሻከረ። በየጊዜው የተሞከረው ቅባት ሁሉ እዚያ አሻራውን ጥሏል። ከአንጓዋ ከፍ ብሎ ደግሞ አንድ ትኩስ ቁስል አለ። ክብ ነው። ጠብታ የሚያህል። ዙሪያው ነጥቷል፤ መሀሉ ረጥቧል።

መርማሪው ቁስሉን አይቶ፣ እሷን አየ።

«እሱንም ሞከርሽው?»

ታናሿ ክንዷን የሌላ ሰው ይመስል ተመለከተችው።

«ልማድ ነው» አለች። «በጠበጥኩት፤ ጣቴን ነከርኩ፤ ክንዴ ላይ ጠብ አደረግሁ። ሲያቃጥለኝ ነው ምን እንዳደረግሁ የገባኝ። ከልጅነቴ ጀምሮ የእኔ ክንድ ላይ ሳያድር የእሷ ፊት ላይ የወጣ ነገር የለም።»

በርጩማው ላይ ቁጭ አለች። እሳቱን አጠፋች፤ ማሰሮው እንዳያር።

«ቅመራው የኔ ነው» አለች። «አበባውን መምረጥ፣ መዘፍዘፍ፣ ማጥለሉ የኔ። ሲያሳብጠኝ ‹ለሷ አይሆንም› ተብሎ ይደፋል። ሳያሳብጠኝ ሲቀር እሷ ታምርበታለች። አንድም ቀን ቅር ብሎኝ አያውቅም። ቆንጆዋ እሷ ናት፤ አሳድጋኛለች፤ ይሁን።»

«ታዲያ?»

«ባለፈው ሳምንት የውበት ዕቃ የሚያከፋፍሉ ሰዎች መጡ። ሥራውን ሊያዩ። ‹ማነው የሚቀምመው?› ሲሏት ‹እኔ ነኝ› አለች። ይሄም ይሁን። እኔ ሻይ ይዤ ገባሁ፤ እጅጌዬ ተሰብስቦ ነበር። አንዱ ክንዴን አየና ደነገጠ።» ድምፅዋ አሁንም ለስላሳ ነው። «እህቴ ምን አለች መሰለዎት? ‹አትጠጓት፤ የቆዳ በሽታ አለባት። ዘመድ ስለሆነች ነው ያስጠጋኋት።› ከዚያ ወደ እኔ ዞራ ‹ሂጂ ተሸፈኚ፤ ሰው ታስጠዪብኛለሽ› አለችኝ።»

መርማሪው ጉንጩን ሲዳስስ ራሱን አገኘው። እጁን አወረደ።

«ፊቷን የሠራው የኔ ክንድ ነው» አለች። «የሠራሁትን አፈረስኩ።»

«ፀጉር ሠሪዋስ? እሷ ምን አደረገችሽ?»

«ምንም።»

«ጡት የምትጠባ ልጅ አላት።»

«አውቃለሁ። ቅርብ ስለነበረች ነው። ቦርሳዋም ክፍሌ በር ላይ ነበር። ትናንት እህቴ ስትሰድባት አየሁና እሷን ነው የሚጠረጥሩት አልኩ።»

እንዲህ ስትል ፊቷ ላይ አንዳች ነገር አልተለወጠም። መርማሪው ያን ጊዜ ፈራት። ሲያዝንላት ቆይቶ ነው የፈራት፤ ለዚህ ነው የከበደው። የተሰደበ ሰው እዚህ ድረስ ሊሄድ እንደሚችል በወሬ አልሰማም፤ ፊት ለፊቱ በርጩማ ላይ ተቀምጧል።

«ተነሺ» አላት።

ተነሳች። ከመውጣቷ በፊት የተሰጣውን አበባ በጨርቅ ሸፈነችው።

አለቃው ሳህኖቹን አየ፤ ቁስሉን አየ፤ ቃሏን አነበበ። «ላቦራቶሪው ሲያረጋግጥ እናያለን» አለ። ፀጉር ሠሪዋን ለመልቀቅ ግን ፈረመ። ልጅቷ አመሰግናለሁ አላለችም። ደረቷን በሁለት እጇ ይዛ በበሩ እየሮጠች ወጣች፤ ጫማዋን እንኳ በደንብ አላጠለቀችም።

መርማሪው ለተበዳይዋ የማስታወቅ ግዴታ ነበረበት። ሆስፒታል ሄደ።

እትዬ ጽጌረዳ ጭንቅላቷ እስከ አንገቷ በፋሻ ተጠቅልሏል። የሚታየው አፏ ብቻ ነው። አልጋው አጠገብ ነርሷ ቅባት በሳህን ይዛ ቆማለች፤ ተናዳለች።

«አላስነካም ብላኛለች» አለች ነርሷ። «ካልተቀባ ቁስሉ ያመረቅዛል። ያለችውን ዓይን ልታጣ ነው። እስቲ እርስዎ ይንገሯት።»

እሱ አፉን ሳይከፍት፣ የተጋደመችው ሴት አንገቷን ወደ እሱ አዞረች።

«ማነው? ታናሼ ናት?»

እጇን ዘረጋች። አየሩን ዳበሰችው።

«ሚጣዬ፣ አንቺ ነሽ? እነዚህ ሰዎች የማላውቀውን ነገር ሊቀቡኝ ነው። መጀመሪያ ክንድሽ ላይ ያድርጉትና ይደር። አንቺ ከሞከርሽው እቀባለሁ። ከአንቺ ሌላ ማንንም አላምንም።»

ነርሷ መርማሪውን አየችው።

አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃ ነበር። አጭር ነው፤ እውነት ነው፤ ሕጉም ያዝዛል። ከአሲዱ የበለጠ የሚያቃጥል እንደሆነም ያውቃል። ምላሱ ላይ ደርሶ ነበር። ጣዕሙ ጣፋጭ ነበር፤ እንዲያ መጣፈጡ አስደነገጠው።

እጇ አሁንም አየር ላይ ነው።

«ለምን ዝም ትያለሽ? ሚጣዬ? ማነው የቆመው? እህቴ የት ሄደች?»

መርማሪው ኮፍያውን አደረገ። በሩን ቀስ ብሎ ከፈተና ወጣ።